ለዳማ ሲባል የታደሰው ኮምፒውተር

ለሾፌሩ «ፍሬኖ» የሚለውን ስም ያወጣለት ትኬት ቆራጩ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ ከሚያርፈው ይልቅ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ትኬት ቆራጩ ከኋላው በር ሆኖ፣ «ወገኖቼ፣ አይዟችሁ! እኛ ሰው የምናደርሰው በነዳጅ ሳይሆን በፍሬኖ ነው!» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀ። ከዚያ ወዲያ እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ። ሾፌሩም ብድሩን ለመመለስ አልዘገየም። ትኬት ቆራጩ ሰው «ደህና አደርክ?» ሲለው እንኳ ሳያስበው «ሒሳብ!» ብሎ የሚመልስ ሰው ነበርና «ሒሳብ» አለው። ሁለቱም ስሞች ተጣብቀው ቀሩ።

በአንድ አውቶቡስ ውስጥ አብረው ሸበቱ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ የሞተሩ ክዳን ላይ ካርቶን ዘርግተው በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ ይጫወቱ ነበር። ጨዋታቸው ከስድብ ጋር ነው፤ ያለ ስድብ የተገፋ ጠጠር እንዳልተገፋ ይቆጠራል። የተሸነፈም እስከ ማታ ድረስ ከስድብ መሸሸጊያ የለውም። አንዴ ሒሳብ ክፉኛ ተሸንፎ ሳለ ፍሬኖ በድምፅ ማጉያው፣ «የሚቀጥለው ፌርማታ የተሸናፊዎች መውረጃ ነው» ብሎ አውጆበት፣ አንዲት አሮጊት ግራ ገብቷቸው ያለቦታቸው ወርደዋል።

ጡረታ ሲወጡ ግን ተለያዩ። ሒሳብ ጉልበቱን ክፉኛ ያመው ስለነበር ሩቅ ከተማ ያለችው ልጁ እሱንም ሚስቱንም ጠቅልላ ወሰደቻቸው። እዚያ ሲደርስ ደግሞ እንዳይከፋው ብላ ስልኩ ላይ የዳማ ጨዋታ ጫነችለት። ሁለት ሰዎች የትም ሆነው ይጫወቱበታል፤ ተራህ ሲደርስ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ሰዓት መቁጠር ትጀምራለች፤ ጊዜው ካለፈብህ ተሸነፍክ ማለት ነው። ሒሳብ ወዲያው ፍሬኖን ጋበዘው፤ ፍሬኖም ደስታው ወደር አጣ።

ደስታው ብዙም አልቆየም። የፍሬኖ ጣት መሪ ሲጨብጥ የኖረ ጣት ነው፤ አውራ ጣቱ ብቻ የሌላ ሰው ሁለት ጣት ያህላል። የስልኩ ስክሪን ደግሞ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም አይበልጥም። አንዱን ጠጠር ነካሁ ሲል ጎረቤቱ ይሄዳል። ሊበላ ሲል ይበላል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ መልሶ አውርዶ፣ ትንፋሹን ውጦ አንድ ጠጠር በትክክል እስኪገፋ ሰዓቷ ታልቅበታለች። ተሸነፈ፤ ደግሞ ተሸነፈ፤ አሁንም ተሸነፈ።

ሒሳብ መጀመሪያ ላይ ፈነደቀ። ሳቁን በድምፅ እየቀዳ ይልክለት ነበር። እየቆየ ግን ሳቁ ቀጠነ፤ ከዚያም ጭራሹን ጠፋ። አንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ደወለ።

«ስማ፣» አለ፣ ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «እኔ የታመምኩት ጉልበቴን ነው፤ ጭንቅላቴን አልታመምኩም።»

«ምን አደረግኩህ ደግሞ?»

«ሆን ብለህ ነው የምትሸነፍልኝ። አዝነህልኝ ነው።»

«እኔ? ለአንተ? ጣቴ እኮ ነው ወንድሜ! ይችን ስነካ ያቺ እየሄደችብኝ…»

«ተው እንጂ! ያን የሚያህል አውቶቡስ በዚያች ጠባብ መታጠፊያ ያዞረ እጅ ነው አንዲት ጠጠር ያቃተው? ሂድ ለሕፃን ተርት! በቃ፣ ከእንግዲህ አልጫወትም። ምጽዋት ተቀብዬ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም።»

ስልኩ ተዘጋ። ፍሬኖ መልሶ ደወለ፤ አይነሳም። በማግስቱም ደወለ፤ አይነሳም።

ከዚያ በኋላ ፍሬኖ ቤት ውስጥ እንደ ጠፋ ዕቃ ፈላጊ መንከራተት ያዘ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ መስኮት ሥር ባለው የስፌት መኪናዋ ላይ ተጎንብሳ፣ ባሏ ከወንበር ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ወንበር ሲመላለስ ከመነጽሯ በላይ ታየዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ትኬት ቁረጥና ተሳፈር፣» አለችው።

ትኬት የሚለውን ቃል ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣች። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እናት አባቷን ሳታይ አትውልም። እናቷ ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻት። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና፣ «አባዬ፣ የተማሪነቴ ኮምፒውተር አለ አይደል እንዴ?» አለች።

«አለ፤ ጨርቅ ለብሶ ተኝቷል። ምን ሊሆነኝ?»

«ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ ራሱን የአንድሮይድ ስልክ አስመስሎ እንዲሠራ ያደርገዋል። ጨዋታው ያው የአንተ ጨዋታ ነው፤ ግን ስክሪኑ ሰፊ፣ ጠጠሩም የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ይሆንልሃል። በጣትህ ሳይሆን በማውስ ነው የምትገፋው።»

«ኮምፒውተር ሆኖ ሳለ ስልክ ነኝ ብሎ ይዋሻል ነው የምትይኝ?»

«ይዋሻል።»

«ይሁን፤ ሒሳብን እስካሸነፈልኝ ድረስ ይዋሽ።»

የለበሰውን ጨርቅ ገፈው አበሩት። ኮምፒውተሩ አቃሰተ፣ አስነጠሰ ቢባል ይቀላል፣ ብዙ ቆይቶም ተነሳ። ልጅቷ ኢሙሌተሩን ጭና ስትከፍተው ግን ነገሩ ሁሉ እንደ ማር ተጎተተ። ፍሬኖ አንዱን ጠጠር በማውስ ነካ። ምንም የለም። ጠበቀ። አሁንም ምንም የለም። ደግሞ ሲነካው የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ትእዛዝ አንድ ላይ ደርሰው ጠጠሩ ወዳልታሰበ ቦታ ዘለለ። ሰዓቷ ብቻ ናት ሳትደክም የምትቆጥረው። ለልምምድ የገጠመው ኮምፒውተሩን ራሱን ነበር፤ በእሱም በጊዜ ተሸነፈ።

«ይኼስ ከእኔም ይብሳል፣» አለ።

«እንግዲህ ፍሬኖ የሚለውን ስም ለእሱ ልቀቅለት፣» አለች ሚስቱ ክር እየበጠሰች።

ፍሬኖ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። «ስሚ ልጄ፣ ይኼ ነገር አየር አጥሮታል። ዳገት ላይ እንዳለ አሮጌ ሞተር ነው የሚያለከልከው።»

ልጅቷ እጇን ከኋላ ብታስጠጋ የሚወጣው አየር እንደ ፀጉር ማድረቂያ ያቃጥላል። «እውነትህን ነው። ለባለሙያ እናሳየው።»

ጠጋኟ ከፀጉር ቤትና ከመስታወት ቆራጭ መሀል በተሰነቀረች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ፣ ብሎን መፍቻዋን ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ወጣት ሴት ናት። የሳጥኑን ጎን ፈታ ወደ ውስጥ አየችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ይኼ ኮምፒውተር ነው ወይስ ትራስ?»

እውነትም አቧራው ተጋግሮ ማራገቢያው አይታይም። ፍሬኖ ሳቀ፤ ልጁ ግን አፍራ መሬት መሬት አየች። ጠጋኟ ሳጥኑን ደጅ አውጥታ በአየር ስትነፋው መስታወት ቆራጩ እየሳለ በሩን ዘጋ። ከዚያ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ላይ ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባችው።

«ፕሮሰሰሩ ደህና ነው፤ አራት ኮር አለው፤ አራት ሠራተኛ በሉት፣» አለች። «ችግሩ ሚሞሪው ነው። አራት ጊጋ ለኮምፒውተሩ ለራሱም ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ኢሙሌተር ሲጨመርበት ደግሞ ሁለት ቤተሰብ በአንዲት ክፍል ማለት ነው። አሥራ ስድስት እናድርገው። ሃርድ ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ነው፤ ምንም በማይሽከረከረው ፈጣኑ ኤስኤስዲ ልቀይርላችሁ፤ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።»

«ግራፊክስ ካርድስ?» ልጅቷ ጠየቀች። «ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ትልቅ ካርድ ያስፈልጋል ይላል።»

«ምንድን ነው የምትጫወቱት?»

«ዳማ፣» አለ ፍሬኖ ኮራ ብሎ።

ጠጋኟ ልትስቅ ስትል አፏን ያዘች። «ለዳማማ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ይበቃል። ትልቁ ካርድ የሚያስፈልገው ለሚተኩሱትና ለሚሮጡት ነው።»

«እኛም ብንሆን እንተኳኮሳለን፤ በአፍ ነው እንጂ!» አላት።

ኮምፒውተሩን ታቅፎ እንደ አራስ ልጅ ወደ ቤት ወሰደው። ሲበራ ሚስቱ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ሳታስገባ ተነሳ። «አቤት!» አለች። «ይኼ ያ የሚያቃስተው ነው?»

ኢሙሌተሩ ሲከፈት ግን አሁንም ይንገዳገዳል። እንደ ማር መጎተቱ ቀርቷል፤ ግን ይሄድና ቀጥ ይላል፣ ይሄድና ቀጥ ይላል። የፍሬኖ ፊት ጠቆረ። ልጅቷ ግን አልተበገረችም፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስጠንቀቂያ አንብባ ለጠጋኟ ደወለች።

«ቨርቹዋላይዜሽን ጠፍቷል ይላል። ምን ማለት ነው?»

«ውይ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! ሳልነግርሽ ሄድሽ፣» አለች ጠጋኟ። «ፕሮሰሰሩ በውስጡ ሌላ ማሽን እንዲያስተናግድ የሚያስችለው ነገር ነው። አለው፣ ግን አልተከፈተም። ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ ስታበሪው ዴሊት የምትለዋን ቁልፍ ደጋግመሽ ተጫኚ፤ ባዮስ የሚባለው ገጽ ይመጣል። እዚያ ፈልገሽ ክፈቺው፣ ሴቭ አድርገሽ ውጪ። ሌላ ነገር ግን እንዳትነኪ!»

አጠፉት፣ አበሩት። ሰማያዊ ገጽ በጽሑፍ ተሞልቶ መጣ። ፍሬኖ ከልጁ ጀርባ ቆሞ፣ በገደል አፋፍ እንደሚነዳ ሰው፣ «ቀስ! ቀስ በይ! እሱን አትንኪ!» እያለ ትከሻዋን ይዞ ቀረ። እሷም ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን አገኘችው፣ ከፈተችው፣ ሴቭ አድርጋ ወጣች።

በዚህ ጊዜ ኢሙሌተሩን ሲከፍቱት ሌላ ነገር ሆኖ አገኙት። ፍሬኖ ጠጠሩን ነካ፤ ጠጠሩ ሄደ። ነካ፤ ሄደ። «እሰይ!» ብሎ ሲጮኽ ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ምን ሆናችሁ አለ።

ይበቃ ነበር። ግን ደስታ ሆዳም ያደርጋል። ልጅቷ የኢሙሌተሩን ሴቲንግ ስትከፍት ለእሱ ምን ያህል ኮር፣ ምን ያህል ሚሞሪ እንደምትሰጠው የሚጠይቅ ቦታ አየች።

«አራት ኮር ነው ያለን? አራቱንም ስጪው!» አለ አባት። «ሚሞሪውንም ጠቅላላ ስጪው! ይብረር!»

ልጅቷም ስሜቱ ተጋባባትና ያለውን ሁሉ ሰጠችው። ኢሙሌተሩ ተነሳ፤ ኮምፒውተሩ ቆመ። ማውሱ ደረቀ፣ ሰዓቱ ደረቀ፣ ማራገቢያው ብቻ እሪ አለ። ቁልፍ ቢጫኑ፣ ቢለማመጡ፣ ቢሳደቡ ወይ ፍንክች።

ሚስትየዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ዞረች። «እንግዳ መጣ ብላችሁ ቤቱን ሁሉ ለቀቃችሁለት። ባለቤቱ የት ይቁም?»

አባትና ልጅ ተያዩና ሳቅ ጣላቸው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው እንደገና ጀመሩ። ልጅቷ ለኢሙሌተሩ ሁለት ኮርና አራት ጊጋ ሚሞሪ ሰጠችው፤ የቀረው ለባለቤቱ ቀረ። የስክሪኑን ጥራት ዝቅ አደረገችው። በሰከንድ ስድሳ ጊዜ ሥዕል የሚቀያይረውን ወደ ሠላሳ አወረደችው፤ «የመኪና ውድድር አይደለም፣ ዳማ ነው» እያለች። ኮምፒውተሩ ኃይል እንዲቆጥብ ተብሎ የታሰረበትንም ሴቲንግ ፈታ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ኮረኮንች ጨርሶ አስፋልት እንደገባ መኪና ሆነ፤ ድምፁ እንኳ ጠፋ። ፍሬኖ እየተለማመደ አመሸ። ማውሱ በመዳፉ ሙሉ ገባለት፤ ድሮ የማርሽ ዘንጉን ጫፍ ይጨብጥ እንደነበረው ጨበጠው።

አሁን የቀረው ሒሳብን ማምጣት ነበር። እሁድ ረፋድ ላይ ፍሬኖ ስልኩን አፉ ላይ አድርጎ ድምፁን ቀዳ።

«ሒሳብ! እኔ ነኝ። ዛሬ ልጨርስህ ተዘጋጅቻለሁ። ያ ሁሉ ያሸነፍከው የጣቴ ስህተት ነበር፤ አላመንከኝም። እንግዲህ ወንድ ከሆንክ ግባ። ከፈራህ ደግሞ እንደለመድከው ጉልበቴን አሞኛል በልና እግርህን ሰቅለህ ተኛ!»

ሚስቱን መርፌው ለጥቂት ሳታት። «አንተ ሰውዬ! የታመመ ሰው እኮ ነው! ጉልበቱን ታነሳበታለህ?»

«ለዚህ እኮ ነው ያነሳሁት፣» አለ ፍሬኖ። «ያዘንኩለት መስሎት ነው የተቀየመው። ጉልበቱን ያልሰደብኩለት እንደሆነ አዝኖልኛል ይላል።»

እንዲህ ይበል እንጂ መልእክቱ ከሄደ በኋላ ስጋት ገባው። ቢበዛበትስ? ጭራሽ ቢያኮርፍስ? ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ጸጉሩን አከከ፤ ውሃ ጠጣ፤ የጠራውን መነጽሩን መልሶ ጠረገ። ልጁም ከጎኑ ተቀመጠች።

ድንገት ደወል ጮኸ። ስክሪኑ ላይ፣ «ሒሳብ ለጨዋታ ይጋብዝዎታል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ሌላ ምንም ቃል የለም።

ጀመሩ። ሒሳብ በቁጣ ነው የሚጫወተው፤ ጠጠሮቹን እያከታተለ ይወረውራቸዋል። ፍሬኖ ደግሞ ቀስ አለ። ድሮ የሞተሩ ክዳን ላይ እንደሚያደርገው ጥጉን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ መሀል ላይ አንዱን ጠጠር ገፍቶ ለመበላት አቀረበው። ልጅቷ፣ «አባዬ፣ ይበላሃል!» ልትል ስትል በክንዱ ገታት። ሒሳብ በላ። ያን ጊዜ የፍሬኖ ማውስ ተነሳ፤ አንዱን በላ፣ ዘለለ፣ ሌላውን በላ፣ ደግሞ ዘለለ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ደርሶ ነገሠ።

የሒሳብ ሰዓት መቁጠር ጀመረች። ቆጠረች፤ ቆጠረች። አንድ ጠጠር ብቻ በፈራ ተባ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለቀማ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ «አሸንፈዋል» የሚል ጽሑፍ በወርቅማ ቀለም ወጣ።

ስልኩ ጮኸ።

«ማን ነው የሚጫወትልህ?» አለ ሒሳብ ያለ ሰላምታ።

«እኔ ነኝ።»

«ልጅህ ናት!»

«ልጄ መድኃኒት ነው የምታውቀው፣ ዳማ አታውቅም።»

«አሳየኝ! በቪዲዮ አሳየኝ! እጅህን ካላየሁ አላምንም!»

ልጅቷ ሳቋን አፍና በራሷ ስልክ በቪዲዮ ደወለችለት፤ መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ ማውሱን የሸፈነውን ያን ግዙፍ እጅ አሳየችው። ሒሳብ እጁን ትክ ብሎ አየ። ከስቷል፤ ጢሙም ነጭ ሆኗል። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታና ሳቅ መጣ፤ የድሮው፣ ከኋላው በር እስከ ፊተኛው የሚሰማው ሳቅ።

«እሱ ነው! ያ አካፋ እጅ ነው! ማውስ የምትሏትን አይጥ ደፍጥጦ ገደላት እኮ!» ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲያልፍለት ድምፁ ዝቅ አለ። «እንግዲያው ያን ጊዜም እውነትህን ነበር?»

«እውነቴን ነበር።»

«ጣትህ ነበር?»

«ጣቴ ነበር።»

ሒሳብ ጢሙን አሻሸ። «እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ሳኮርፍ ከረምኩ። ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ፣ ልጄ ትደግፈኛለች፣ ሚስቴ ታጎርሰኛለች፣ አንተም ደግሞ እነሱ ላይ የተጨመርክብኝ መስሎኝ…»

«አኩርፈህ ነበር እንዴ? እኔ እኮ ፈርተህ የተደበቅክ ነበር የመሰለኝ!»

«አንተን? ይህን የዝሆን ጣት? ግባ! አሁኑኑ ግባ!»

ሁለተኛውን ጨዋታ ሒሳብ አሸነፈ። በደንብ አድርጎ፣ ያለ ማንም ምጽዋት፣ ፍሬኖን ጥግ ውስጥ ከቶ፣ እያንዳንዱን ጠጠር በስድብ እያጀበ። ፍሬኖ ተሸንፎ እንደዚህ ተደስቶ አያውቅም፤ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ «ሌባ! የሰው መልስ የምትቆርጥ ሌባ!» እያለ ጮኸ። ስፌቱ ቀረ፤ ሚስቱ ወንበሯን ይዛ መጣች። ከወዲያም የሒሳብ ሚስት ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ወጣች።

ሦስተኛውን ጀመሩ፤ ግን ማን ተጫወተው? ሁለቱ ሴቶች ሳይተያዩ ስለቆዩበት ጊዜ ሁሉ ለመነጋገር አንዷ የሌላዋን ቃል ከአፏ ትነጥቃለች። ሒሳብ እግሩን ዘርግቶ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍለት ለማሳየት ሲንፈራገጥ ስልኩን ጣለው፤ ለጥቂት ጊዜ ጣሪያና ሳቅ ብቻ ታየ። ፍሬኖም ይህን ሲያይ ተራው መድረሱን ዘነጋ። ሰዓቷ አለቀች፤ ጨዋታውም ሒሳብ አሸነፈ ብሎ አወጀ።

«ይኼ አይቆጠርም!» ብሎ የጮኸው ሒሳብ ራሱ ነው። «እኔ ጉልበቴን ሳሳየው ነው ያለፈበት! እንደገና!»

«አሸነፍክ ከተባልክ አሸነፍክ ነው፣ ዝም ብለህ ተቀበል!»

«አልቀበልም! ምጽዋት ነው!»

ልጅቷ አዲስ ጨዋታ ከፈተችላቸው። ኮምፒውተሩ ድምፁን አጥፍቶ ጠበቀ፤ ጠጠሮቹም በየመስመራቸው ቆመው ጠበቁ። ፍሬኖ ማውሱን ጨበጠ።

«ማን ይጀምራል?»

«ተሸናፊ ነዋ!»

«ታዲያ ተሸናፊው ማነው?»

በዚህ ሲከራከሩ በሁለቱም ቤት ምሳው ቀዘቀዘ።